«ጉድጓድ» ወይስ «ማቆሪያ»?

ጥያቄ፦ ስለ ጥንቱና ስለ መካከለኛው ዘመን የገጠር ኑሮ የተጻፈ መጽሐፍ እየተረጐምሁ ነው። በዐለት ውስጥ የተፈለፈለውን የዝናብ ውኃ ማከማቻ አንዴ «ጉድጓድ»፣ አንዴ «ኩሬ»፣ አንዴ «ገንዳ» ብዬዋለሁ። ቃላቱን እያፈራረቁ መጠቀም ስሕተት ነው?

መልስ፦ ለጨዋታ ባይከፋም ለእንዲህ ያለ መጽሐፍ ስሕተት ነው፤ ቃላቱን የሚለያቸው በዋናነት ውኃው የሚመጣበት አቅጣጫ ነውና። ጉድጓድ የሚቈፈረው በከርሰ ምድር ያለውን ውኃ ፍለጋ ሲሆን፣ እርስዎ የሚገልጹት ማከማቻ ግን ከላይ የሚወርደውን ይቀበላል። አማርኛ ይህን ልዩነት በስሙ ባይጠብቀውም በግሡ ጠብቆታል፤ ጉድጓድ «ውኃ አወጣ» ሲባል፣ ኩሬ «ውኃ ያዘ» ወይም «ውኃ አቆረ» ይባላል። ስለዚህ ከዚሁ ግሥ የወጣውን «የዝናብ ውኃ ማቆሪያ» እመርጣለሁ፤ «ማጠራቀሚያ»ም አይነቀፍም፣ ገንዘብም እህልም ስለሚጠራቀም ግን ጥቂት ይላላል።

የመደባለቁ ጉዳት በኤርምያስ 2፥13 በግልጽ ይታያል። ሕዝቡ የሕያውን ውኃ ምንጭ ትቶ፣ ውኃ ሊይዙ የማይችሉ የተቀደዱ ጉድጓዶችን ቈፈረ ተብሎ ይወቀሳል። «ጉድጓድ»ን በተለመደው ፍቺው የወሰደ አንባቢ፣ ጉድጓድ ደግሞ እንዴት ይቀደዳል ማለቱ አይቀርም። ነገሩ የሚገባው የዚያን አገር ማቆሪያ አሠራር ሲያውቅ ነው፦ ዐለቱ ብዙ ጊዜ እንደ እንስራ አንገቱ ጠቦ፣ ሆዱ ሰፍቶ ይፈለፈላል፤ የአፉ መጥበብ ትነትንና ብርሃንን ይቀንሳል፤ ውስጡ በኖራ ይለሰናል፤ ልስኑ ከተሰነጠቀ ግን የዓመቱ ዝናብ ወደ ዐለቱ ሰርጎ ያልቃል። እዚህም ግሡ «መያዝ» እንጂ «ማውጣት» አለመሆኑን ልብ ይሏል።

በ1ኛው ክፍለ ዘመን ስለ እርሻ የጻፈው ሮማዊው ኮሉሜላ አራት የውኃ ማግኛዎችን በተራ ያስቀምጣል፤ ወራጅ ውኃ ከሌለ በአቅራቢያ ጉድጓድ ይፈለግ፣ እርሱም ካልተገኘ የዝናቡን ውኃ የሚይዝ ሰፊ ማቆሪያ ለሰው፣ ኩሬ ለከብት ይሠራ ይላል። እንዲህ ያለውን ዐረፍተ ነገር በአንድ «ጉድጓድ» መተርጐም ምክሩን ራሱን ማጥፋት ነው።

«ገንዳ» የተቀዳው ውኃ ተገልብጦ ከብት የሚጠጣበት ስለሆነ ከዚህ ይውጣ። «ዐዘቅት» በግእዝ የውኃ ጉድጓድ ቢሆንም፣ የዛሬ አንባቢ የሚረዳው መውጫ የሌለውን ጥልቀት ነው። «ግድብ»ም ውኃውን የሚያግደው ግንብ ወይም ክትር ነው፤ የስሪላንካው ንጉሥ ፓራክራማባሁ በ12ኛው ክፍለ ዘመን ያሠራውን ዓይነት ሰፊ ውኃ «ሰው ሠራሽ ሐይቅ» ይበሉት።