አንድ ትእዛዝ ብቻ ሲመጣ የሚቆመው ፕሮግራም

ጥያቄ፦ ፒያሳ ላሉ ምግብ ቤቶች የትእዛዝ መቀበያ መተግበሪያ በጃቫስክሪፕት እየሠራሁ ነው። ትእዛዞቹ በጄሰን (ዳታ በጽሑፍ መልክ የሚተላለፍበት ቅርጽ) የሚደርሱኝ ከሌላ ድርጅት ኤፒአይ (ፕሮግራሞች ዳታ የሚለዋወጡበት መገናኛ) ነው። ትእዛዞቹ ሁለትና ከዚያ በላይ ሲሆኑ ሁሉም በደንብ ይሠራል፤ አንድ ብቻ ሲሆን ግን ፕሮግራሙ ይቆማል። ከዚህም ሌላ፣ የአንዳንድ ትእዛዞች መለያ ቁጥር የመጨረሻ አሃዙ ተለውጦ አገኘዋለሁ። ምን ላድርግ?
ከአራዳ

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ ሁለቱ ችግሮች ምንጫቸው የተለያየ ነው። የመጀመሪያው በአብዛኛው የሚታየው ላኪው ዳታውን ከኤክስኤምኤል (ሌላ የዳታ መጻፊያ ቅርጽ) ወደ ጄሰን ሲቀይር ነው፤ ቀያሪው ፕሮግራም አንድ ዓይነት ስም ያላቸው ብዙ ክፍሎች ሲያገኝ አሬይ (ዝርዝር)፣ አንድ ብቻ ሲያገኝ ግን ኦብጀክት (ዝርዝር ውስጥ ያልገባ ነጠላ ነገር) አድርጎ ይጽፋል፤ አሬይ የሚጠብቀው ፕሮግራምዎም ያኔ ይቆማል። ስለዚህ ምላሹ እንደደረሰ ቅርጹን የሚያስተካክል አንድ ፋንክሽን (አንድ ሥራ የሚሠራ የኮድ ክፍል) ይጻፉ፤ የመጣው አሬይ ካልሆነ አሬይ ውስጥ ያስገባው፤ የተቀረው ኮድዎም ጥሬውን ምላሽ ፈጽሞ አይንካ።

እዚህ ላይ አጥብቀን የምናሳስብዎ ነገር አለ። ባዶ አሬይ፣ ነል (ዋጋ የለም የሚል ምልክት) የሆነ ዋጋ እና ጭራሹን የሌለ ቁልፍ (የዳታው ክፍል መጠሪያ) አንድ አይደሉም። ባዶ አሬይ ትእዛዝ እንደሌለ በግልጽ ይናገራል፤ ቁልፉ የጠፋው ግን ላኪው የስሕተት መልእክት ስለላከ ሊሆን ይችላል። ሦስቱንም «ትእዛዝ የለም» ብሎ የሚተረጉም ፕሮግራም የተራበ ደንበኛ እየጠበቀ ወጥ ቤቱን ሥራ ያስፈታል። በመሆኑም አስቀድመው የኤችቲቲፒውን የምላሽ ኮድ (ጥያቄው መሳካት አለመሳካቱን የሚናገረውን ቁጥር) ይመልከቱ፤ ቁልፉ ከጠፋም ፕሮግራሙ በዝምታ ከማለፍ ይልቅ ስሕተቱን ይመዝግብ።

የመለያ ቁጥሩ ጉዳይ ከጃቫስክሪፕት የቁጥር አያያዝ የመጣ ነው። የጄሰን ደንብ ለቁጥር መጠን ገደብ አያስቀምጥም፤ ጃቫስክሪፕት ግን ሙሉ ቁጥሮችን ሳያዛባ በእርግጠኝነት የሚይዘው እስከ 9,007,199,254,740,991 ብቻ ነው። ከዚያ የበለጠው በንባቡ ጊዜ ወደሚቀርበው ቁጥር ሊጠጋጋ ስለሚችል፣ ካነበቡት በኋላ ወደ ስትሪንግ (ጽሑፍ) ቢቀይሩት የጠፋው አሃዝ አይመለስም። መለያ የማይደመርና የማይባዛ በመሆኑ ከመነሻው በስትሪንግ መላክ ነበረበት።

ትእዛዙ አንድ ቢሆንም በአሬይ እንዲመጣ፣ መለያውም በጥቅስ ምልክት ውስጥ እንዲሆን፣ የምላሹን ናሙና አያይዘው ላኪውን በጽሑፍ ይጠይቁ፤ በናሙናው ላይ የደንበኞች ስምና ስልክ ካለ ግን አስቀድመው ያጥፉት።