ጡቴን ሊያነሱት ነው፤ እምነት ጎድሎኝ ይሆን?

ጥያቄ፦ መምህር፣ ሰላመ እግዚአብሔር ይብዛልዎ። የምኖረው ደምበጫ አካባቢ ነው። ጡቴ ላይ እብጠት ወጥቶ ባሕር ዳር ሄጄ ተመረመርሁ። ካንሰር ነው አሉኝ። ኬሞ የሚሉትን የካንሰር መድኃኒት ጨርሻለሁ፤ አሁን ጡቴን ሙሉ በሙሉ ሊያነሱት ቀጠሮ ሰጥተውኛል። ቀኑ ጾመ ፍልሰታ ላይ ዋለ። ጎረቤት ሁሉ «ብረት ከነካው ይብስበታል፣ ይልቅ ግሽ ዓባይ ወርደሽ ተጠመቂ» ይለኛል። በቢላ መታከሜ እምነት ማጣት ነው? አካሌስ ጎድሎ ፈጣሪ ፊት እንዴት እቆማለሁ? ፍርሃቱ እንቅልፍ ነሥቶኛል።

መልስ፦ እኅቴ፣ እግዚአብሔር ይማርሽ። ከፍርሃትሽ ልጀምር። መፍራትሽ ኃጢአት አይደለም። ጌታችን በጌቴሴማኒ ሲጸልይ ወዙ እንደ ደም ነጠብጣብ ሆኖ ወደ ምድር መውረዱን ቅዱስ ሉቃስ ጽፎልናል። ያን ሌሊት ሦስት ደቀ መዛሙርቱን ወደ ውስጥ ይዞ ገባ፤ ከእኔ ጋር ትጉ አላቸው። እርሱ ሰው አጠገቡ እንዲሆን ከወደደ፣ አንቺ ብቻሽን ለመሸከም ለምን ትታገያለሽ? እኛ አገር የጡት ሕመም ያሳፍራል። እናቶቻችን በነጠላ ሸፍነው፣ ለባላቸው እንኳ ሳይናገሩ ዓመት ይቆያሉ። አንቺ ቀድመሽ ወጥተሻል፤ ተመስገን። አሁንም ለምታምኛት አንዲት እኅት ጭንቀትሽን ንገሪያት። ከአንቺ ጋር ትሂድ፣ ትደር።

«ብረት ከነካው ይብስበታል» የሚለውን እኔም ከልጅነቴ ጀምሮ ሰምቻለሁ። ብዙ ሰው ሐኪም ቤት የሚደርሰው ሕመሙ ወደ ሌላ አካል ከተዛመተ በኋላ ነው። ሲያርፍ ጥፋቱ ለቢላው ይሰጣል። ሐኪሞቹ ግን እብጠቱን የሚያወጡት እንዳይዛመት ብለው ነው።

በግሽ ዓባይ ጸበል እኔም አምናለሁ። የአቡነ ዘርዓ ብሩክ በረከት ያለበት ቦታ ነው። ሂጂ፣ ጠጪ፣ ተጠመቂ። ቀጠሮሽን ግን አታሳልፊ። ንጉሡ ሕዝቅያስን አስቢ። ለሞት ታመመ፣ አለቀሰ፣ እግዚአብሔርም 15 ዓመት ጨመረለት። ተስፋው በነቢዩ አፍ ከተነገረ በኋላ ያው ነቢዩ ኢሳይያስ የበለስ ጥፍጥፍ አምጥተው እብጠቱ ላይ እንዲያደርጉለት አዘዘ። ጸሎቱ ተሰምቶ ሳለ በለሱ ለምን አስፈለገ? እግዚአብሔር በመድኃኒትም ስለሚሠራ ነው። መጽሐፈ ሲራክ ምዕራፍ 38ም የታመመ ሰው እንዲጸልይ፣ ንስሓ እንዲገባ፣ ከዚያም ለባለመድኃኒቱ ስፍራ እንዲሰጠው ይመክራል። ወንጌላዊው ሉቃስ ራሱ ሐኪም ነበር።

እንግዲህ ዝግጅቱ። ጊዜ ሳለ ንስሓ አባትሽን ጥሪና ተናዘዢ። ቅዱስ ቁርባንም ከመሄድሽ በፊት ተቀበዪ፤ በኋላ ቁስሉ እስኪሽር ሊዘገይብሽ ይችላል። ጸሎተ ቀንዲልም ያድርሱልሽ። ቀንዲል ለሚሞት ሰው ብቻ የሚመስላቸው አሉ፤ ሐዋርያው ያዕቆብ የጻፈው ግን በሽተኛው እንዲነሣ ነው።

ጾሙን በተመለከተ፣ ሕመምተኛን ቤተ ክርስቲያን አታስጨንቅም። ኬሞ ያደከመው ሰውነት ቁስሉን የሚጠግንበት ምግብ ይፈልጋል። ሐኪሙ እንቁላልና ሥጋ ብዪ ካለሽ ለንስሓ አባትሽ ንገሪና በፈቃዳቸው ብዪ።

የቀዶ ጥገናው ዕለት ጧት ግን ሌላ ጾም አለ፤ እርሱን እንዳታፈርሺ አደራ። ከስንት ሰዓት ጀምሮ ምግብና ውኃ እንደምታቆሚ ይነግሩሻል። ጸበልም ውኃ ነው። «ጸበል አይቆጠርም» ብለሽ ጧት አንድ ብርጭቆ እንዳትጠጪ። በማደንዘዣ ተኝተሽ ሳለ በሆድሽ ያለው ወደ ላይ ተመልሶ ሳንባ ውስጥ ከገባ ሕይወት ያጠፋል። ጸበሉን ከዋዜማው በፊት ጠጪው። በኋላም ቁስሉ ሳይደርቅ ጸበል ቦታ አትጠመቂ፣ እምነት የምንለውን የተባረከ አመድ ወይም አፈርም አትቀቢበት፤ ቁስሉ ያመረቅዛል። የምትወስጂው የባህል መድኃኒት ካለም ለሐኪሙ አትደብቂ፤ ደም የሚያፈስስ አለበት።

ማዕተብሽን አውልቂ ሊሉሽ ይችላሉ። አትጣዪ። የሚከፈተው አንገትሽ አጠገብ ነው፤ ብረት መስቀል ካለውም በኤሌክትሪክ መሣሪያው ሊያቃጥልሽ ይችላል። እኅትሽ ትያዝልሽ፣ ስትነቂ ታስርልሻለች። በጥምቀት የታተምሽው ማኅተም ከክሩ ጋር አይወልቅም። ጠረጴዛው ላይ ስትተኚ በጣትሽ አማትቢና «እግዚኦ መሐረነ ክርስቶስ» በዪ። ረጅም ጸሎት አይጠበቅብሽም።

አካሌ ይጎድላል ላልሽው፣ ቤትሽ የአቡነ ተክለ ሃይማኖት ሥዕል ይኖር ይሆናል። በጸሎት ቆመው አንድ እግራቸው ተቆርጧል፤ ሠዓሊዎቻችንም እግሩን ከጎናቸው ይሥሉታል እንጂ አይደብቁትም። ጎዶሎ ናቸው ብሎ ያሰበ ክርስቲያን አላውቅም። ቅዱስ ጳውሎስም ሥጋችን በድካም እንደሚዘራ፣ በኃይል እንደሚነሣ ጽፏል። ባልሽ ካለም ይህን አንድ ላይ ሆናችሁ አንብቡት። ከሁሉ በላይ የእርሱን ፊት ፈርተሽ እንደሆነ ይገባኛል።

ወንድሞችሽ ደም ለመስጠት ይዘጋጁ፤ ደም መስጠት በእኛ ዘንድ የተወገዘ አይደለም። አንቺ ደግሞ ክርስትና ስምሽንና የቀጠሮሽን ቀን ላኪልኝ። የዚያን ዕለት በኪዳን ጸሎት ስምሽን እናነሣለን።