መልስ፦ ከበረዶ ሐይቅ ከወጣሁ በኋላ ለምን ይብስብኛል?

«አቫንቶ (በሐይቅ በረዶ ላይ ተቆርጦ የተከፈተ የመዋኛ ቀዳዳ) ውስጥ 5 ደቂቃ ስቆይ ደህና ነኝ፤ የሚያንቀጠቅጠኝ ልብስ ከለበስኩ በኋላ ነው» ላልከው ወንድማችን፦ የሚጠበቅ ነው። ከውሃው ብትወጣም ቆዳህና ጡንቻህ ቀዝቅዘዋል፤ ቅዝቃዜው ወደ ውስጥ መዝለቁን ስለማያቆም የውስጥ ሙቀትህ ለተወሰነ ጊዜ መውረዱን ይቀጥላል። ስለዚህ «ደህና ነኝ» ማለት መለኪያ አይሆንም፤ ሰዓት ያዝ።

በረዶ ተቆርጦ በተከፈተ ሐይቅ ውሃው ከ0 እስከ 4 ዲግሪ ገደማ ነው። ለጀማሪ ከ30 ሰከንድ እስከ 1 ደቂቃ ይበቃል፤ 5 ደቂቃ በጣም በዝቷል። በመሰላል ቀስ ብለህ ግባ እንጂ አትዝለል። ድንገተኛው ብርድ ሳትፈልግ አየር ያስጎትትሃል፤ ያኔ አፍህ ከውሃ በታች ከሆነ የምትስበው ውሃ ነው። ትንፋሽህ እስኪረጋ መሰላሉን አትልቀቅ። ጣቶችህ እየደነዘዙ ከሆነ ወዲያው ውጣ፤ ቆይተህ መሰላሉን መጨበጥም ሊያቅትህ ይችላል። የኒዮፕሪን (ብርድ የሚከላከል ጎማ መሰል ጨርቅ) ጓንትና ካልሲ እዚህ ላይ ዋጋ አላቸው።

ስትወጣ እርጥቡን አውልቅ፣ ሰውነትህን አድርቅ፣ ከላይ ጀምረህ ልበስ፣ የሱፍ ኮፍያ አድርግ። ልብሱን በምትለብስበት ቅደም ተከተል አስቀድመህ ደርድረው፤ የደነዘዘ ጣት ቁልፍ አይቆልፍም። ለብ ያለ ጣፋጭ ሻይ ጥሩ ነው፤ አልኮል አይሆንም። ፊንላንዶች ሳውና ይገባሉ፣ እውነት ነው፤ አንተ ግን እየተንቀጠቀጥክ ወደ ሙቅ ሻወር አትሩጥ፣ የደም ግፊት ድንገት ወርዶ ሊያዞርህ ይችላል። መንቀጥቀጡ ሳይቆም መኪና አትንዳ።

የልብ ሕመም ወይም የደም ግፊት ካለብህ መጀመሪያ ሐኪምህን ጠይቅ። ብቻህን ደግሞ በጭራሽ አትግባ።