ከቤት ሆናችሁ በስልክ ለምታስተረጉሙ የወሎ ልጆች

ጠቅልዬ ደሴ ከገባሁ ወዲህ በየዓመቱ ከዋሽንግተን፣ ከሲልቨር ስፕሪንግና ከአሌክሳንድሪያ የሚመጡ የአገሬን ልጆች ሥራችሁ ምንድን ነው ብዬ ስጠይቅ፣ ከብዙዎቹ የማገኘው መልስ «ከቤት ሆኜ በስልክ አስተረጉማለሁ» የሚል ሆኗል። ለሰሚው ያስቀናል፤ በበረዶ መንዳት የለም፣ ቆሞ ማደርም የለም። ጠጋ ብዬ ሳወጣጣ ግን ሌላ ነገር እሰማለሁ። ላፕቶፑ ከንጋት እስከ ምሽት ተከፍቶ ይውላል፣ የሚከፈለው ግን በሐኪምና በአማርኛ ተናጋሪ ታካሚ መካከል ላስተረጎሙበት ደቂቃ ብቻ ነው። ሲስተሙ ስንት ጥሪ እንዳነሱ፣ ስንቱ እንዳመለጣቸው፣ በስንት ሰከንድ እንደመለሱ ይመዘግባል፤ ንግግሩም እየተቀዳ ይደመጣል። «ከወጣሁ ነጥቤ ይወርዳል፣ ነጥቤ ከወረደ ጥሪ አይልኩልኝም» ይላሉ። ይህን ፍርሃት ሰዓት በመጨመር ልታሸንፉት የምትሞክሩ ስለበዛችሁ፣ ብትቀየሙኝም የማየውን እጽፋለሁ።

1. ውላችሁን እወቁ

በ1099 ቅጽ የሚከፈላችሁ ከሆነ ኮንትራክተር ናችሁ እንጂ የኩባንያው ተቀጣሪ አይደላችሁም፤ ከገቢ ግብሩ ሌላ 15.3 በመቶ የሶሻል ሴኩሪቲና የሜዲኬር ግብር ራሳችሁ ትከፍላላችሁ፣ ሥራው ሲቋረጥም እንደ ደንቡ የሥራ አጥ ክፍያ አይጠብቃችሁም። የደብሊው ቱ ተቀጣሪ ከሆናችሁ ደግሞ ከ20 ደቂቃ ያልበለጠ አጭር ዕረፍት እንደ ሥራ ሰዓት እንዲቆጠርላችሁ የፌዴራሉ ደንብ ያዛል፤ ጠይቁ።

2. በሥራ ላይ ያላችሁ መምሰል ዋስትና አይሆናችሁም

ከሞንታና በስተቀር በሁሉም የአሜሪካ ግዛቶች አሠሪ፣ በዘር፣ በሃይማኖትና በመሳሰሉት አድልዎ እስካልፈጸመ ድረስ፣ ሠራተኛውን ያለ ምክንያት ማሰናበት ይችላል። የኮንትራክተሩ ነገር ከዚያም የላላ ነው። ክትትሉንም ቢሆን እ.ኤ.አ. በ1986 የወጣው የኤሌክትሮኒክ ግንኙነት ሕግ በአብዛኛው አይከለክለውም፤ የኒውዮርክ ግዛት ከሜይ 2022 ጀምሮ አሠሪዎች ሠራተኛ ሲቀጥሩ ክትትል መኖሩን በጽሑፍ እንዲያሳውቁ አስገደደች እንጂ ክትትሉን አላስቀረችውም። ማውስ የሚያንቀሳቅስ ዕቃ ገዝታችሁ ወንበራችሁ ላይ ያላችሁ ለማስመሰል የምታስቡ እንዳላችሁም ሰምቻለሁ። ተዉት። ዌልስ ፋርጎ ባንክ እ.ኤ.አ. በ2024 የኪቦርድ እንቅስቃሴ አስመስለዋል ያላቸውን ከደርዘን በላይ ሠራተኞች አሰናብቷል።

የጥሪውን ብዛት የሚወስነውም የእናንተ እንቅልፍ ማጣት አይደለም። የአሜሪካ ሆስፒታሎች አስተርጓሚ የሚያቀርቡት የ1964ቱ የሲቪል መብቶች ሕግና የ2010ሩ የጤና ሕግ የፌዴራል ገንዘብ የሚቀበል ሁሉ እንዲያደርገው ስላስገደዱት ነው። በማርች 2025 ፕሬዚዳንት ትራምፕ እንግሊዝኛን ይፋዊ ቋንቋ አድርገው ፕሬዚዳንት ክሊንተን በ2000 ለቋንቋ አገልግሎት ያወጡትን ትእዛዝ ሲሽሩ ሕጎቹ አልተሻሩም፤ ሥራው ግን እንዲህ ካሉ ውሳኔዎች ጋር ከፍ ዝቅ የሚል መሆኑን ከዚህ ተረዱ። ለጥሪ ዝግጁ ነኝ የሚለውን አረንጓዴ ምልክት ሌሊቱን አብርታችሁ ብታነጉት የዋይት ሀውስን ብዕር አትመልሱትም። የሚጠቅመው ከአንድ በላይ ኩባንያ ጋር መዋዋልና የሙያ ማረጋገጫ መያዝ ነው። ኮርሲኤችአይ የሚባለው የጤና አስተርጓሚዎች ማረጋገጫ ለአማርኛ ተናጋሪም ክፍት ነው፣ ለፈተናው ለመቀመጥም ቢያንስ የ40 ሰዓት ሥልጠና ይጠይቃል። ይህን ያህል ሰዓት የለኝም የሚለኝ ሰው በአንድ ሳምንት ውስጥ ከዚያ የሚበልጥ ሰዓት ያለ ክፍያ ጥሪ ሲጠብቅ እንደሚውል አውቃለሁ።

3. ለቤተሰብ እውነቱን ንገሩ

እዚህ ያለው ቤተሰብ «ልጄ የመንግሥት ያህል ቋሚ ሥራ ይዟል» ብሎ ያምናል፣ እናንተም አታርሙትም። ጥሪ በበዛበት ወር ለወንድማችሁ ቃል ትገባላችሁ፤ እሱም ኮምቦልቻ ላይ መሠረት አስወጥቶ ብሎኬት ያስደረድራል፤ ጥሪው ሲቀዘቅዝ ቆርቆሮ ሳይለብስ ዝናብ የሚመታውን ግድግዳ እኛ በየቀኑ እናያለን። ከዚያ ወንድማችሁ ሲደውል ስልክ ማንሳት ታቆማላችሁ። የምትልኩትን በጥሩው ወር ገቢ አትለኩ፤ በዓመቱ ውስጥ ዝቅ ባለው ወር ለኩት። የወላጆቻችሁ የመድኃኒትና የቅሬ (የዕድር) መዋጮ ይቅደም፣ የብሎኬቱ ነገር ይቆይ። «የምከፈለው በደቂቃ ነው፣ ነገ ሊቆም ይችላል» ብላችሁ ብትነግሯት የወሎ እናት «አብሽር ልጄ» ብላ ዱአ ታደርግላችኋለች እንጂ አታፍርባችሁም። እሷን የሚጎዳት ምክንያቱን የማታውቀው ዝምታችሁ ነው።

4. ቤታችሁን ዝም አታሰኙት

ከሁሉ የከፋው ይህ ነው።

የታካሚን ምስጢር የሚጠብቀው የ1996ቱ ሕግ፣ ሂፓ የሚሉት፣ በጥሪ ጊዜ ሌላ ሰው እንዳይሰማ ያስገድዳል። ትክክል ነው፤ የማንም እናት የማህፀን ሕመም የጎረቤት ልጅ ሊሰማው አይገባም። ሕጉ ጸጥታ የሚጠይቀው ግን ለጥሪው ነው። እናንተ ጥሪው መቼ እንደሚመጣ ስለማታውቁ ቀኑን ሙሉ ቤቱን ዝም አሰኛችሁት። ልጅ ከትምህርት ቤት ገብቶ የዋለበትን ሊያወራ አፉን ሲከፍት ጣት ከንፈር ላይ ይደረጋል፣ ታብሌት ይሰጠዋል፣ በሩ ይዘጋል።

ባለፈው ክረምት ቧንቧ ውሃ ሰፈር ከሚኖሩ ጎረቤቴ ቤት ቡና ተጠርቼ ነበር። ልጃቸው ከቨርጂኒያ ሁለት ልጆቿን ይዛ መጥታለች። ቶናው እየተቀዳ፣ ትልቁ ልጅ ለአያቱ በእጁም በአፉም እየተጋገዘ ሐይቅ ላይ ስላየው ጀልባ ሊነግራቸው ሲሞክር የአያትየው ስልክ ጠራ። ልጁ ቃሉን ከመሐል ቆርጦ ተነሣ፣ የታናሽ እኅቱን አፍ በመዳፉ ሸፈነ፣ እየጎተተ ወደ ጓዳ አስገባትና በሩን ቀስ አድርጎ ዘጋው። አያቲቱ ደነገጡ፤ መርዶ የሰማ መሰላቸው። «ምን ሰምቶ ነው? ምን ደበቃችሁኝ?» እያሉ ልጃቸውን ያዙ። እናትየው የተለመደ ነገር መሆኑን ለማስረዳት ስትሞክር እንባዋ መጣ። ልጁ ጥፋት አላጠፋም፤ ቤት ውስጥ የተማረውን ነው ያደረገው።

ይህች ሴት አማርኛዋ የተመሰከረለት ነው። ስለ ኩላሊት እጥበት፣ ስለ ማደንዘዣ፣ ቀዶ ጥገና ከመደረጉ በፊት ስለሚፈረመው የስምምነት ወረቀት አይታው ለማታውቀው ታካሚ ጥርት አድርጋ ታስረዳለች። ልጇ ግን ለአያቱ የትኛው ጥርሱ እንዳመመው መንገር አይችልም። በደቂቃ ለሰው የምትሸጡት ቋንቋ በገዛ ቤታችሁ ሲጠፋ ዝም ብላችሁ ታያላችሁ? የቅዳሜ የአማርኛ ትምህርት ይበቃዋል አትበሉኝ። ልጅ ቋንቋ የሚለምደው በወጥ ቤት፣ በመኪና፣ በእንቅልፍ ሰዓት ከሚሰማውና መልስ ከሚሰጥበት ወሬ ነው፤ ያን ሰዓት ነው እናንተ ለማይከፈል ጥበቃ የሰጣችሁት። የእኔ ልጅ አማርኛ ትሰማለች፣ አትመልስም። ያደገችው እኔ ከአንዱ ሥራ ወደ ሌላው በምሮጥበት ዘመን ነው። ዛሬ ደሴ ተቀምጬ በስልክ ስናወራ እኔ የልቤን በአማርኛ እነግራታለሁ፣ እሷ የልቧን በእንግሊዝኛ ትመልስልኛለች፣ ከዚያ መሐል ስንት ነገር እየወደቀ እንደሚቀር የማውቀው እኔ ነኝ። ይህን ለማናችሁም አልመኝም።

ስለዚህ የምላችሁን አድርጉ። ለአንድ ሳምንት በደብተር ላይ በየሰዓቱ ስንት ደቂቃ እንደተከፈላችሁ ጻፉ። ሆስፒታልና ክሊኒክ ቀጠሮ የሚሰጡት ቀን ነውና ምሽቱ ብዙ ጊዜ ባዶ ሆኖ ታገኙታላችሁ። ከጠዋቱ 1 ሰዓት እስከ ቀኑ 9 ሰዓት ሥሩ፤ ልጆቹ ከትምህርት ቤት ሲገቡ ከሲስተሙ ሙሉ በሙሉ ውጡ፣ ሄድሴቱንም ከጠረጴዛው ላይ አንሡት። «ለአፍታ ወጥቻለሁ» የሚለው ምልክት አይበቃም፤ እሱ በርቶ ሳለ ጆሯችሁ እዚያው ነው። ገቢያችሁ ይቀንሳል፣ አልዋሻችሁም። ለዚህ ነው በሦስተኛው ላይ ለቤተሰብ እውነቱን ንገሩ ያልኳችሁ።

ደሴ መደወልም በሰዓቱ ነው። እናንተ ሥራ ስትጀምሩ እዚህ ከቀኑ 8 ሰዓት ነው፣ በበረዶው ወቅት 9 ሰዓት፤ ስትጨርሱ እዚህ ከምሽቱ 4 ወይም 5 ሰዓት ሆኖ ሽማግሌው ተኝቷል። ሥራ ከመጀመራችሁ በፊት፣ ልጆቹ ቁርስ ሲበሉ ደውሉና ስልኩን ለእነሱ ስጡ። «ሰላም በላት» ብላችሁ ወዲያው ስልኩን አትቀበሏቸው፤ ምን እንደበሉ፣ ከማን ጋር እንደተጣሉ አያቲቱ ይጠይቁ፣ ልጁ እየተንተባተበም ቢሆን ይመልስ፤ አትርሙት፣ እናንተም አታስተርጉሙለት።

በክረምት ስትመጡ ላፕቶፑን ትታችሁት ኑ። ብዙዎቹ ውሎች ከአሜሪካ ውጭ ሆኖ ጥሪ መቀበልን ስለሚከለክሉ ሰበብ አታጡም፤ ለኩባንያው የምትቀሩባቸውን ቀናት አስቀድማችሁ በጽሑፍ አሳውቁና መልሱን አስቀምጡት። ልጆቹን ከሆቴል ይልቅ አያታቸው ቤት አሳድሯቸው፣ በቀን አንድ ሁለት ሰዓትም እናንተ ሳትኖሩ ከእሳቸው ጋር ተዉአቸው። የደሴ ክረምት ዝናቡም ብርዱም ኃይለኛ ነውና ወፍራም ሹራብ ያዙላቸው።