ስለ ዓለም አቀፍ የግልግል ዳኝነት ሥራ ለጠየቃችሁኝ

የጠየቃችሁኝ ብዙ ነው። መመለስ የምችላቸውን እነሆ። ግልግል ስል ተከራካሪዎች በፍርድ ቤት ፈንታ ራሳቸው በመረጧቸው ዳኞች የሚዳኙበትን መንገድ ማለቴ ነው።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ የሕግ ተማሪ ነኝ። ሥራው ቆሞ መከራከር ነው?

አይደለም እህቴ፤ አብዛኛው ጊዜ የሚያልቀው ወረቀት ላይ ነው። አንድ የመንገድ ሥራ ክርክር ውሰጂ። ተቋራጩ «ቦታውን በጊዜ ስላላስረከባችሁኝ ዘገየሁ» ይላል። አሠሪው «ማሽን ስላላስገባህ ነው» ይላል። እውነቱ ያለው የሳይት መዝገቡ ውስጥ ነው፦ ዝናቡ መቼ ጣለ፣ ግሬደሩ ስንት ቀን ቆመ፣ ማን ለማን ደብዳቤ ጻፈ። በ1999 እ.ኤ.አ. በወጣው የፊዲክ ውል (ለግንባታ ሥራ በብዙ ሀገር የሚያገለግል መደበኛ ውል ነው) ተቋራጩ የካሳ ጥያቄውን በ28 ቀን ውስጥ ማሳወቅ አለበት። ቀኑ ካለፈ፣ የቱንም ያህል ቢጎዳ ጥያቄው ሊወድቅ ይችላል። ያቺን ደብዳቤ ፈልጎ የሚያገኝ ጠበቃ ነው የሚያሸንፈው።

ጥያቄ፦ «የግልግሉ መቀመጫ እገሌ ከተማ ነው» የሚለው አንቀጽ ለምን ያን ያህል ያከራክራል?

ይህን ስለጠየቅክ ደስ ብሎኛል። ነገሩ የስብሰባ አዳራሽ ጉዳይ አይደለም። ውሳኔውን የየትኛው ሀገር ፍርድ ቤት ሊሽረው እንደሚችል የሚወስነው እሱ ነው። የኢትዮ-ጅቡቲ ምድር ባቡርና የጣሊያኑ ተቋራጭ የኮንስታ ክርክር በሄጉ ቋሚ የግልግል ፍርድ ቤት አስተዳዳሪነት ታይቶ፣ በ2016 እ.ኤ.አ. ለተቋራጩ 20 ሚሊዮን ዩሮ ገደማ ተወሰነለት። በ2018 እ.ኤ.አ. የእኛው ሰበር ሰሚ ችሎት ሻረው። መቀመጫው ሄግ ሳይሆን አዲስ አበባ ነበርና። ያኔ ብዙ የውጭ ባለሀብት ደነገጠ፤ እኔም መደንገጣቸው አይፈረድበትም እላለሁ። በ2013 ዓ.ም. በወጣው የግልግል አዋጅ ቁጥር 1237/2013 አሁንም ለመሠረታዊ የሕግ ስህተት ሰበር መሄድ ይቻላል፤ ተዋዋዮቹ ግን በስምምነት ሊያስቀሩት ይችላሉ። ስለዚህ ውል ስታረቅ ደንበኛህን ይህንን ሳትጠይቅ አትፈርም።

ጥያቄ፦ የኒውዮርኩን ስምምነት ማጽደቃችን ምን ለወጠ?

ብዙ። የ1958ቱን ስምምነት በአዋጅ ቁጥር 1184/2012 ስናጸድቅ፣ ውጭ የተሰጠ የግልግል ውሳኔ እዚህ የሚፈጸምበት በር ተከፈተ። የእኛም ውሳኔ በሌሎች አባል ሀገራት እንዲሁ። ልብ በሉ፣ ከዚያ በፊት የተፈረመ የግልግል ስምምነት በዚህ አይሸፈንም። ደንበኛ ሲመጣ መጀመሪያ የማየው የውሉን ቀን ነው።

ጥያቄ፦ ውጭ ሳልማር እገባበታለሁ?

ትገባለህ። ማስተርስ ያግዛል እንጂ ግዴታ አይደለም። በየዓመቱ ቪየና በሚካሄደው ቪስ በሚባለው የሕግ ተማሪዎች የግልግል ምስለ-ችሎት ውድድር ዩኒቨርሲቲህ ከተሳተፈ አያምልጥህ። ካልሆነም እዚሁ የኮንስትራክሽን ክርክር ከሚይዝ ቢሮ ጀምር። እንግሊዝኛህን በደንብ አጥራ፤ የምትጽፈው በእሱ ነው።

ጥያቄ፦ ገላጋይ ዳኛ የምሆነውስ መቼ ነው?

ሰው ሲያምንሽ። መራጮቹ ተከራካሪዎቹ ራሳቸው ናቸው፤ ስምሽን የሚያነሱት ሥራሽን አይተው ነው። ሹመት ሲቀርብልሽ ከሁለቱም ወገን ጋር ያለሽን ግንኙነት ሁሉ አስቢ። ከአንዱ ጠበቃ ጋር ድሮ አንድ ቢሮ ሠርታችሁ ከነበር፣ ሹመቱን ከመቀበልሽ በፊት በጽሑፍ አሳውቂ።