መሄጃው 10፣ መመለሻው 20 ሰዓት?

ጥያቄ፦ እናቴ በሐምሌ እህቴን ልትጠይቅ ከቦሌ ወደ ዋሽንግተን ትበራለች። ቲኬቱ ላይ መሄጃው 22:30 ተነስቶ በማግስቱ 8:30 ይገባል ይላል። መመለሻው 11:00 ተነስቶ በማግስቱ 7:00 ነው። ስቆጥረው መሄጃው 10፣ መመለሻው 20 ሰዓት ሆነብኝ። ስትመለስ የሆነ አገር ልታድር ነው እንዴ? (ከደብረ ብርሃን)

መልስ፦ የትም አያድሩም፣ አይዞህ። እንዲያውም ረጅሙ መሄጃው ነው። ቲኬት ላይ የሚጻፈው የየከተማው ሰዓት ነው። በሐምሌ ዋሽንግተን ከእኛ በ7 ሰዓት ወደ ኋላ ነው፤ ከጥቅምት መጨረሻ እስከ መጋቢት መጀመሪያ ገደማ ደግሞ 8 ይሆናል። ስለዚህ መሄጃው ላይ 7 ጨምር፣ ከመመለሻው 7 ቀንስ። 17 እና 13 ይመጣልሃል።

የቀረችው የ4 ሰዓት ልዩነት እውነተኛ ናት። ከቦሌ እስከ ዋሽንግተኑ ደለስ አውሮፕላን ማረፊያ በቀጥታ 11,500 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ሲሄዱም ሲመለሱም ያው። ግን እዚያ ላይ ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ የሚነፍስ ኃይለኛ ነፋስ አለ። ሲመለሱ ከኋላ ይገፋል፣ ሲሄዱ ከፊት ይይዛል። ከነፋሱም በላይ ግን ዋናው የቦሌ ከፍታ ነው። ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር ያልፋል። እናንተ 2,800 ገደማ ላይ ስለምትኖሩ ቆላ ሊመስላችሁ ይችላል፣ ለአውሮፕላን ግን በጣም ከፍ ያለ ቦታ ነው። አየሩ ስስ ስለሆነ ክንፉ ብዙ ክብደት አያነሳም፣ የሞተሩም ጉልበት ይቀንሳል፤ ስለዚህ ሙሉ ሰውና ሻንጣ ጭኖ፣ እስከ አሜሪካ የሚያደርስ ነዳጅም ሞልቶ መነሳት ያስቸግረዋል። ቀነስ አድርጎ ይነሳና እንደ ደብሊን ወይም ሮም ባለ ከተማ አርፎ ይሞላል። የደለስ ከፍታ ግን 100 ሜትር እንኳን አይሞላም። ከዚያ ሞልቶ ይነሳል፣ በቀጥታ ቦሌ።

ይህንን ማረፊያ አደራ ለእናትህ ቀድመህ ንገራቸው። በሌሊት አውሮፕላኑ መሬት ሲነካ፣ መብራት ሲበራ፣ ሰው እግሩን ሊያፍታታ ሲቆም፣ ደርሰናል ብለው የእጅ ሻንጣቸውን ይዘው ሊነሱ ይችላሉ። ብዙ ጊዜ ተሳፋሪ አይወርድም፤ አንድ ሰዓት ገደማ ቆይቶ ይቀጥላል።

22:30 በእኛ ከምሽቱ 4:30 ነው። ቦሌ 3 ሰዓት ቀድሞ መድረስ ያስፈልጋል። 130 ኪሎ ሜትር ምን አላት ብላችሁ ከሰዓት በኋላ አትነሱ። በክረምት ከጫጫ እስከ ሸኖ ጉም ሊይዛችሁ ይችላል፣ አዲስ አበባ መግቢያ ላይም መንገዱ ይዘጋጋል። ቢቻል በዋዜማው ዘመድ ቤት ይደሩ።

ለእህትህ መድረሻውን 8:30 ብለህ በፈረንጅ አቆጣጠር ጻፍላት፤ እዚህ ያኔ ከቀኑ 9:30 ነው። ኢሚግሬሽንና ሻንጣ ጥበቃ ስላለ እስከ 11 ሰዓት ድምፃቸውን ባትሰሙ አትጨነቁ።