ሙቀጫው ለጆሮም፣ ለአፍንጫም፣ ለእጅም

ጥያቄ፦ ጅማ ውስጥ እንጨት ሥራ ላይ ነኝ። የቡና ሙቀጫን ድምፁ፣ ሽታውና አያያዙ ደስ እንዲል አድርጌ መሥራት ጀምሬ ነበር። ሁለቱ ወለላቸው ላይ ተሰነጠቁ። ሦስተኛውን ቫርኒሽ ቀባሁት፤ የተወቀጠበት ቡና ሁሉ ቫርኒሽ ቫርኒሽ ይላል። ምን ላስተካክል?

መልስ፦ ስንጥቁ የመጣው ከግንዱ እምብርት ነው። ድፍን ግንድ ሲፈለፈል እምብርቱ ወለሉ ላይ ይቀራል፤ እንጨቱ ሲደርቅ ቀድሞ የሚከፈተውም እሱ ነው። ወፍራም የዋንዛ ግንድ ለሁለት ይሰንጥቁና እምብርቱን ትተው ከጎኑ ያውጡት። እርጥብ ሳለ አወፍረው ይፈልፍሉት፣ ጫፎቹን ሰም ይቀቡ፣ ከራሱ ፍቅፋቂ ጋር ጆንያ ውስጥ ከተው ጥላ ላይ ያቆዩት። በየሳምንቱ ይመዝኑት፤ ክብደቱ መቀነስ ሲያቆም ደርቋል። በጅማ ክረምት ይህ ይዘገያል፤ እባክዎ አይቸኩሉ።

ልኩ፦ የውጭ ስፋት 16 ሳንቲ ሜትር፣ አፉ 9፣ ጥልቀቱ 15፣ የወለሉ ውፍረት 6። ውስጡ እንደ እንቁላል ቂጥ ይክበብ፤ ጠፍጣፋ ከሆነ ዱቄት ጥጉ ውስጥ ተቀብሮ ይከርማል።

ከሁሉ የምንወደው ድምፁን ነው፤ ለወቃጩ ሥራ ይሠራልና። ፍሬው ሲሰበር ቀጭ ቀጭ ይላል፣ ሲደቅ ወደ ድብ ድብ ይወርዳል። ያን ጊዜ ቆንጥረው በጣት ይሹት፤ እንደ ደቃቅ አሸዋ ከሆነ ለጀበና ደርሷል። ከዚያ ካለፈ አተላው አይዘቅጥም። ድምፁ ጥርት እንዲል ከሥሩ 1 ሳንቲ ሜትር ጎድጉደው ሦስት እግር ያስቀሩለት፤ እንደ ጅማ በርጩማ ወጣ ገባ ወለል ላይም አይናወጥም። እግሮቹን በኮላ አይለጥፉ፣ ጎማም አያድርጉባቸው፤ ጎማ ድምፁን ያፍነዋል። ቡናው ደግሞ ከምጣድ እንደወረደ አይወቀጥ። ሰፌድ ላይ በረድ ሲል ነው ቀጭ የሚለው።

ዘነዘናው ወይራ ይሁን፦ 45 ሳንቲ ሜትር ርዝመት፣ 4.5 ውፍረት፣ መያዣው 3.5። መያዣውን ከልክ በላይ አያለስልሱት፤ እጅ ሲያልበው ያንሸራትታል።

ለሽታው 2 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ያለው ክዳን ይሥሩ፣ መሐሉን 6.5 ይብሱት። ፍሬው አይፈናጠርም፤ መዓዛውም በዚያች ቀዳዳ ብቻ እየወጣ ወቃጩ አፍንጫ ላይ ይደርሳል። ውስጡን ምንም አይቀቡ። የኑግ ዘይት እንኳ ይጣበቃል፣ ይሻግታል። ለውጩ የቀለጠ ሰም በጨርቅ ማሸት ይበቃል። ኮረሪማ የሚወቀጥበት ሌላ ይኑር።

ጥያቄ፦ እናቴ ዓይናቸው ደክሟል፤ ቡና ግን ራሳቸው ነው የሚወቅጡት። የቡናውን መጠን በምን ይለኩ?

መልስ፦ ከላይ በሰጠነው ልክ ከተሠራ፣ ዘነዘናው ላይ ከታችኛው ጫፍ 12 ሳንቲ ሜትር ከፍ ብለው ዙሪያውን በመሮ አንድ መስመር ይቅረጹ። ክዳኑ ተከድኖ ዘነዘናው ሳይጫኑት ፍሬው ላይ ይቁም፤ መስመሩ ከክዳኑ ጋር እኩል ሲሆን ሙቀጫው ሲሶ ያህል ሞልቷል። ወደ ውስጥ ከገባ ቡናው አንሷል፣ ወደ ላይ ከወጣ በዝቷል። ምልክቱን ሙቀጫው ውስጥ አይቅረጹት፣ ዱቄት ይይዛል።